የአድዋ ዋዜማ በሴሮ ኮራ

ፓራጓይ የሄድኩት አንዲት ቀን ፍለጋ ነው።

ለሥራ ብራዚል፣ ሳኦ ፓውሎ ተልኬ አራት ወር ከርሜ ነበር። አንድ ምሽት ስለ ፓራጓይ ጦርነት ሳነብ ፕሬዚዳንቱ ማርሻል ፍራንሲስኮ ሶላኖ ሎፔዝ የተገደለበት ቀን ላይ ደረስኩ። ማርች 1 ቀን 1870 እ.ኤ.አ. ይላል። የፈረንጅ ቀን ሳይ ወደ እኛ መመለስ ልማዴ ነው። ወረቀት አውጥቼ ቆጠርኩ። የካቲት 23 ቀን 1862 ሆነ። አላመንኩም፣ ደግሜ ቆጠርኩ። ያው ነው። አድዋ ከዚያ በ26 ዓመቱ፣ በዚያችው ዕለት ነው የዋለው።

ለሌላ ሰው ተራ ግጥምጥሞሽ ይሆናል። እኔ ያደግኩት ጎንደር ነው። አባቴ ማታ ማታ የሚያወራን ስለ መቅደላ ነበር። አጼ ቴዎድሮስ ሽጉጣቸውን የጠጡት ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ነው። ሎፔዝም በሌላው የዓለም ጫፍ እጅ አልሰጥም ብሎ ሲሞት ከዚያ ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላም። አባቴ ይህን ሰው ቢያውቅ ኖሮ ስንት ማታ ያወራልን ነበር ብዬ አሰብኩ። እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ዛሬ ሁለቱ ቀኖች አንድ ላይ አይውሉም። ፈረንጆቹ በ1900 ፌብሩዋሪን 28 ላይ ዘግተው አለፉ፤ እኛ ግን ጳጉሜን ስድስትን አልዘለልንም። ከዚያ ወዲህ የእኛ የካቲት 23 ማርች 2 ላይ ነው። ፓራጓዮች የጀግኖች ቀናቸውን ማርች 1 ያከብራሉ። ስለዚህ ሎፔዝ የወደቀበት ሴሮ ኮራ በዓላቸው ላይ ብደርስ በእኛ የአድዋ ዋዜማ ይሆናል ማለት ነው። ፈቃድ ጠየቅኩ፤ ተሰጠኝ። የቪዛውን ውጣ ውረድ አልደግመውም። ከሳኦ ፓውሎ እስከ ፓራጓይ ዋና ከተማ አሱንሲዮን በአውቶቡስ ሃያ ሰዓት ገደማ ነው፤ ተኛሁ፣ ነቃሁ፣ ቀይ አፈር አየሁ፣ ደረስኩ።

አሱንሲዮን የተቀበለችኝ በክፉ ነው። ከመናኸሪያው እስከ መሀል ከተማ ታክሲው 150 ሺህ ጉዋራኒ አስከፈለኝ። 20 ዶላር ገደማ ነው። የማደሪያው ልጅ ስነግረው ራሱን ያዘ። ከ50 ሺህ አያልፍም አለኝ። የከነከነኝ ብሩ አይደለም። ሾፌሩ መንገዱን ሙሉ ስለ አገሬ እየጠየቀ፣ እየሳቀ፣ ትከሻዬን መታ መታ እያደረገ ነበር የወሰደኝ። እኛም አገር እንግዳ ይበላል፤ አውቃለሁ። ሳይ ያመኛል። እዚህም አመመኝ። ያን ቀን ምሳ እንኳ በደንብ አልበላሁም።

ሙቀቱ 38 ዲግሪ ነበር። ፓንቴዮን ወደሚሉት የጀግኖች መካነ መቃብር ስሄድ ጥላ ከጥላ እየዘለልኩ ነው። በሩ ላይ ውኃ ገዛሁ፤ መልስ አንድ ሺህ ጉዋራኒ ሳንቲም ሰጡኝ። አገላበጥኩት። በአንድ በኩል ጢማሙ ማርሻል፣ ወታደራዊ ኮቱን እንደለበሰ። በሌላ በኩል ጉልላት ያለው ሕንፃ። ቀና ስል ያው ሕንፃ ፊት ለፊቴ ቆሟል። ከ15 የአሜሪካ ሳንቲም አይበልጥም፤ ግን የሰውየው ታሪክ ግማሹ እዚያች ሳንቲም ላይ አለ።

ሕንፃውን ያስጀመረው ሎፔዝ ራሱ ነው፣ በፈረንጆቹ 1863፤ ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታትም የፈረንጅ ናቸው። ያኔ ጸሎት ቤት እንዲሆን ነበር የታሰበው። ጣሊያናዊው አርክቴክት ራቪዛ፣ ናፖሊዮን ከተቀበረበት ከፓሪሱ ሕንፃ ነበር ሐሳቡን የወሰደው። ጦርነቱ መጣ፤ ሥራው ቆመ። ሕንፃው ሳያልቅ ከሰባ ዓመት በላይ ቆየ። ያስጀመረው ሰው ደግሞ ከዚያ ዘመን አብዛኛውን በሕግ ከሃዲ ነበር። በ1869 ብራዚል በያዘችው አሱንሲዮን የቆመው ጊዜያዊ መንግሥት ነው እንዲያ ብሎ ያወጀበት። በ1936 ኮሎኔል ራፋኤል ፍራንኮ ሥልጣን ሲይዝ አዋጁ ተገለበጠ። ሎፔዝ ብሔራዊ ጀግና ተባለ። አፅሙ ከሴሮ ኮራ መጣ፤ ሕንፃውም ያን ጊዜ ተጠናቆ ተመረቀ። ውስጥ ገብተህ መሀሉ ላይ ካለው ክብ አጥር ስር ወደ ታች ታያለህ። ሣጥኖቹ እዚያ ናቸው። አንዲት ተማሪ አጥሩ ላይ ተደግፋ ስልኳን ወደ ታች ይዛ ስታነሳ አየኋት፤ ወታደሩ ዝም አላት።

ወደ ወንዙ ስትወርድ የሎፔዝ ቤተ መንግሥት አለ። ነጭ፣ ረጅም፣ በማታ መብራት ያማረ። ለእሱ መኖሪያ ተብሎ በ1857 ተጀመረ። አንድ ቀን እንኳ አልኖረበትም። በ1869 የብራዚል ወታደሮች ሰፈሩበት። ዛሬ የፕሬዚዳንቱ መሥሪያ ቤት ነው። ወደ ውስጥ አያስገቡም፤ በአጥሩ በኩል አይቼ ተመለስኩ።

ይህን ሰው በአንድ ቃል መጥራት አልቻልኩም። አባቱ ካርሎስ አንቶኒዮ ሎፔዝም ፕሬዚዳንት ነበር፤ ልጁን ገና በ18 ዓመቱ ጄኔራል አደረገው። በ1853 ወደ አውሮፓ ላከው። ልጁ መሣሪያና መርከብ ገዛ፤ መሐንዲሶች ቀጠረ፤ ናፖሊዮን ሣልሳዊን አገኘ። ፓሪስ ላይ ደግሞ ኤሊሳ ሊንች ከምትባል አየርላንዳዊት ጋር ተዋወቀ፤ ተከትላው መጣች። በእነዚያ ዓመታት ፓራጓይ ባቡር ነበራት፤ የብረት ማቅለጫ ነበራት፤ መርከብ ትሠራ ነበር። ይህን ሳነብ ጋፋት ትዝ አለኝ። አጼ ቴዎድሮስም ፈረንጆቹን ሰብስበው መድፍ ያሠሩት ለአንድ ምኞት ነበር።

በ1862 አባቱ ሲሞት ሥልጣን ያዘ። በ1864 ብራዚል ኡራጓይ ገባች። ሎፔዝ አስቀድሞ አስጠንቅቆ ነበር፤ አልሰሙትም። የብራዚልን መርከብ ያዘ፤ ጦሩን የብራዚል ግዛት ወደሆነችው ማቶ ግሮሶ አስገባ። ከአርጀንቲና ጦሩ የሚያልፍበት መንገድ ቢጠይቅ እምቢ ተባለ። እሷንም ወጋ። በሜይ 1865 ብራዚል፣ አርጀንቲናና ኡራጓይ አብረው ተነሱበት። አንዲት ትንሽ አገር ከሦስት ጋር ገጠመች። ኩሩፓይቲ ላይ በሴፕቴምበር 1866 ያደረሱባቸውን ሽንፈት ፓራጓዮች ዛሬም በኩራት ያወሩታል። ከዚያ በኋላ ግን መንገዱ ቁልቁል ነው።

ስለ መድፉ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ከዚህ ጉዞ ወር ቀደም ብዬ ሪዮ ዴ ጃኔሮ ብሔራዊ ታሪክ ሙዚየም ግቢ ውስጥ አንድ ትልቅ መድፍ አይቼ ነበር። ስሙ “ኤል ክሪስቲያኖ” ነው፤ ክርስቲያኑ ማለት ነው። የፓራጓይ አብያተ ክርስቲያናት ደወላቸውን ሰጥተው፣ ያ ቀልጦ የተሠራ ነው። ፓራጓይ መልሱልኝ ስትል ቆይታለች። ሴባስቶፖል ዛሬም መቅደላ አናት ላይ አለ፤ ስለከበደ ቀረ። ታቦቶቻችን ግን ለንደን ናቸው። መድፉን ዞር ዞር ብዬ ሳየው ያስለቀሰኝ ይሄ ነው። ከአጠገቤ የነበረ ጥበቃ ደህና ነህ ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

ወደ ሴሮ ኮራ ለመድረስ መጀመሪያ ፔድሮ ሁዋን ካባዬሮ ወደምትባል የድንበር ከተማ መሄድ አለብህ። የሌሊት አውቶቡስ ያዝኩ። ውጭ እሳት፣ ውስጥ በረዶ። አየር ማቀዝቀዣውን እስከ ጥግ ከፍተውታል። ሸሚዝ ብቻ ነበር የለበስኩት። ረዳቱን ቀንሱልን ብለው ትከሻውን ሰበቀ። ጎንደር ውርጭ ላይ ያደግኩ ልጅ ጥርሴ ተንቀጫቀጨ። በሕይወቴ ካደርኳቸው ክፉ ሌሊቶች አንዱ ይሆን ነበር።

አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ግን አዳኑኝ። ሰባ ዓመት ይሆናቸዋል። ጸጉራቸውን ወደኋላ ጠቅልለው አስረዋል። እግራቸው ስር ትልቅ ፌስታል ነበር። ፈተው ብርድ ልብስ አወጡና ምንም ሳይናገሩ ጉልበቴ ላይ ጣሉት። ግማሹን እሳቸው፣ ግማሹን እኔ። እናቴ ቤት የመጣ እንግዳ ላይ ጋቢ ስትጥል እንደዚያው ናት፤ ይበርድሃል ወይ ብላ አትጠይቅም።

ትንሽ ቆይተው ቴርሞሳቸውን ከፈቱ። ቴሬሬ የሚሉት መጠጥ ነው። የተፈጨ ቅጠል በቀንድ ዋንጫ ይሞላል፤ በላዩ በረዶ ያለው ውኃ ይፈስበታል፤ በብረት መምጠጫ ይጠጣል። ዋንጫው የከብት ቀንድ ነው፣ የእኛ የጥንቱ ዋንጫ ቁርጥ። ሞልተው ሰጡኝ። ጠጣሁ፤ “ግራሲያስ” ብዬ መለስኩ። እሳቸው ራሳቸውን ነቅንቀው ለራሳቸው ቀዱ፤ ደግመው ቀዱ፤ ለእኔ ግን የለም። ቅር አለኝ። ሲቆይ ገባቸውና ሳቁ። ለካ እነሱ ዘንድ “ግራሲያስ” ካልክ በቃኝ ማለትህ ነው። እስክትጠግብ ዝም ብለህ ትመልሳለህ። እኛ አቦሉን፣ ቶናውን፣ በረካውን በምስጋና ነው የምንጠጣው። እዚህ ምስጋናው መጨረሻ ላይ ነው። ደገሙልኝ።

እኔ ፖርቱጋልኛ፣ እሳቸው ስፓኒሽ፤ አልፎ አልፎ ጉዋራኒ የሚሉትን የአገሩን ቋንቋ ጣል ያደርጋሉ። ተግባባን። ወዴት ነህ አሉኝ። ሴሮ ኮራ አልኳቸው። ዝም አሉ።

“እኔ ፔድሮ ሁዋን አርባ ዓመት ኖሬያለሁ” አሉ በኋላ። “በመኪና አንድ ሰዓት አይሞላም። ሄጄ አላውቅም።”

“ለምን ሴኞራ?”

ያኔ ነው የነገሩኝ። በ1868 ጦርነቱ ሲከፋ ሎፔዝ ሴራ ተጠንስሶብኛል ብሎ ሰው ማስገደል ጀመረ። የገዛ ወንድሙ ቤኒግኖ ተረሸነ። የእህቱ ባል ጄኔራል ባሪዮስ ተረሸነ። እህቶቹ ታሰሩ፤ እናቱ እንኳ ተከሰሱ። ከሃዲ የተባሉ ሰዎች ሚስቶችና ልጆች ደግሞ በእግር እየተነዱ ወደ ጫካ ተጋዙ። “ዴስቲናዳስ” ይሏቸዋል፤ የተጋዙት ሴቶች። የሴትዮዋ አያት አያት አንዷ ነበሩ። ባላቸው ለምን እንደተገደለ ቤተሰቡ እስከ ዛሬ አያውቅም። ጫካ ውስጥ መራራ ብርቱካን እየበሉ ነው የተረፉት።

“አያቴ መራራ ብርቱካን ቤት አታስገባም ነበር” አሉኝ። “ሽታውን እንኳ።”

ምን ልበል? አባቴ ስለ መቅደላ ሲያወራ አጼ ቴዎድሮስ ቁልቁል ገደል ያስወረወሯቸውን እስረኞች ዘሎ ያልፋቸው ነበር። እኔም ትልቅ ሰው ሆኜ ራሴ ነው ያነበብኩት። አባቴን ወቀስኩት ማለት አይደለም። ግን ያን ሌሊት፣ በብርድ ልብሱ ግማሽ ስር፣ ስለ እነዚያ እስረኞች አሰብኩ።

ሊነጋጋ ሲል ቺፓ ሻጭ ገባ። ከካሳቫ ዱቄትና ከአይብ የሚጋገር ትኩስ ቂጣ ነው። ለሁለታችን ገዛሁ። ያለ ጭቅጭቅ ተቀበሉኝ፤ ደስ አለኝ።

እኔ የማውቀው ድንበር መተማ ነው፤ ወታደር፣ ኬላ፣ የተደረደረ አይሱዙ። ፔድሮ ሁዋን ላይ ድንበሩ መንገድ ነው። አስፋልቱን ስትሻገር ብራዚል፣ ፖንታ ፖራ ገብተሃል። ማንም አይጠይቅህም። ሰው ዳቦ ሊገዛ ወዲያ ይሄዳል፤ ሲም ካርድ ሊገዛ ወዲህ ይመጣል። ከዚያ ጦርነት በኋላ ፓራጓይ ሰፊ መሬት ተነጥቃለች። ከሕዝቡ ግማሽ ያህሉ አለቀ የሚሉ አሉ፤ ከዚያም በላይ የሚሉ አሉ። ቁጥሩ ዛሬም ያከራክራል። ከወንዶቹ ግን በጣም ጥቂት እንደተረፉ ብዙዎች ይናገራሉ። ያ ሁሉ ደም ፈስሶ ዛሬ አንድ መንገድ ይጋራሉ። ሴትዮዋ ለመንገዱ ቅርብ በሆነ ቦታ ብርድ ልብስና ቴርሞስ የሚሸጡባት ሱቅ አለቻቸው። ስትመለስ ብቅ በል አሉኝ።

ሴሮ ኮራ ከከተማዋ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መናኸሪያው ላይ ያገኘሁት ባለ ታክሲ ዋጋውን ከመነሳታችን በፊት በወረቀት ጻፈልኝ። ከአሱንሲዮኑ በኋላ ልስመው ነበር። መንገዱ ግራና ቀኝ ከሜዳው ድንገት ብቅ ያሉ አለታማ ጉብታዎች አሉት። አፈሩ ቀይ ነው፤ ጫማዬ ላይ ዛሬም አለ።

በዓሉ ደምቋል። ወታደራዊ ባንድ፣ የአበባ ጉንጉን፣ ንግግር። የተማሪዎች ሰልፍ ነበር፤ ነጭ ሸሚዝ የለበሱ፣ ዘጠኝ አሥር ዓመት የሚሆናቸው። አንዱ ልጅ ባንዲራው ከብዶት ዱላውን ሆዱ ላይ አስደግፎታል። ኦገስት 16 ቀን 1869 አኮስታ ኙ ላይ የተሰለፈው ጦር አብዛኛው እንደዚህ ልጅ ያለ ነበር። ትልቅ እንዲመስሉ ጢም ተስሎላቸው ነበር ይባላል። ያ ቀን ዛሬ በፓራጓይ የሕፃናት ቀን ነው። ልጁን ትክ ብዬ ሳየው ጓደኛው ጠራኝና ፎቶ አንሳን አለኝ። አነሳኋቸው።

ከሰልፉ ወጥቼ ወደ ወንዙ ወረድኩ። አኪዳባን ኒግዊ ይሉታል። ወንዝ ማለት ይከብዳል፤ ጅረት ነው። ዛፎቹ ተደፍተውበታል። ጫማዬን አውልቄ ገባሁ፤ ቁርጭምጭሚቴን አለፍ አደረገኝ። ቀዝቃዛና ጥርት ያለ ነው። ከስሩ ጠጠሩ ይታያል።

እዚህ ነው። ከጠዋቱ የብራዚሉ ጄኔራል ካማራ ጦር ሰፈሩ ላይ ወረደ። ከሎፔዝ ጋር የቀሩት የተራቡ ጥቂት መቶ ሰዎች ነበሩ። ቺኮ ዲያቦ የሚሉት ወታደር በጦር ወጋው። ቆስሎ እስከዚህ ጅረት ደረሰ። እጅህን ስጥ ተባለ። እምቢ አለ፤ ተተኮሰበት። ልጁ ፓንቺቶ 15 ዓመቱ ነበር፤ ኮሎኔል ነው። ከእናቱ ሰረገላ አጠገብ እጅህን ስጥ ሲሉት ኮሎኔል እጅ አይሰጥም አለ ይባላል። ገደሉት። ኤሊሳ ሊንች ሎፔዝንና ልጇን በገዛ እጇ አፈር ምሳ ቀበረች። የእኛ ልዑል አለማየሁ በሰባት ዓመቱ ተማርኮ ባሕር ተሻገረ። የትኛው እንደሚሻል ለመናገር አንደበት የለኝም። ኤሊሳ በ1886 ፓሪስ ውስጥ ሞተች። አፅሟ በኋላ አሱንሲዮን መጥቷል፤ የተቀበረችው ግን ከሎፔዝ ጋር አይደለም፤ ሌላ መካነ መቃብር፣ ለብቻዋ። ይሄ አንጀቴን በላው። በእጇ አፈር የማሰች ሴት ከአጠገቡ አንድ ክንድ ቦታ እንዴት ይነፈጋታል?

የመጨረሻ ቃሉ ላይ ሰው አይስማማም። “ለአገሬ እሞታለሁ” አለ የሚሉ አሉ። “ከአገሬ ጋር እሞታለሁ” ነው ያለው የሚሉም አሉ። በስፓኒሽ ልዩነቱ አንዲት ትንሽ ቃል ናት። ሴትዮዋን አውቶቡስ ላይ ጠይቄያቸው ነበር። “ከአገሬ ጋር” ነው አሉኝ ሳያመነቱ። “ይዞን ነው የሄደው።” ባለ ታክሲው ደግሞ “ለአገሬ” ነው አለ፤ ኮፍያውን አውልቆ። ሁለቱም ትክክል መሰሉኝ። አሁንም እንደዚያው ነኝ።

በማግስቱ የካቲት 23 ነበር። ማለዳ ጎንደር ደወልኩ። አባቴ ወደ አደባባይ ሊወጣ ነጭ ለብሶ ነበር። ስለ ሎፔዝ ነገርኩት። “እጁን አልሰጠም?” አለኝ። አልሰጠም አልኩት። ስለ ወንድሙ፣ ስለተጋዙት ሴቶችም ነገርኩት። ለአፍታ ዝም አለ። “መቅደላም ላይ ነበሩ እኮ” አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ፤ “ገደሉ አፋፍ ላይ።” ከአባቴ አፍ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው።

ከሰዓት ሱቋ ሄድኩ። ሴትዮዋ በርጩማ አወጡልኝ። ዛሬ እኛ አገር በዓል ነው ብዬ ስለ አድዋ ነገርኳቸው፤ ስለ ቀኑም። በጣታቸው ቆጠሩ።

“ሃያ ስድስት ዓመት” አሉ። “እናንተስ አሸነፋችሁ?”

“አሸነፍን ሴኞራ።”

ቴርሞሱን አነሱ። በቀንዱ ውስጥ ያለውን ቅጠል በመምጠጫው ጫን ጫን አደረጉት። ቀና ሳይሉ ጠየቁኝ።

“ጅረቱ ውኃ አለው?”

“አለው። ቁርጭምጭሚት ያልፋል። ጥርት ያለ ነው።”

ውኃውን ቀስ ብለው ቀዱ። በረዶው ቴርሞሱ ውስጥ ተንኳኳ። ዘርግተው ሰጡኝ። ጠጣሁ፤ ምንም ሳልል መለስኩላቸው። ደግመው ቀዱልኝ።